ወንበሩን አይተሽ ወስኚ

እ.ኤ.አ. በ2023 በጸደይ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ልቤን በቀዶ ጥገና ታከምሁ። በዚያው ሰሞን ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ሐጎስ ዐረፉ። እኔ አልተነገረኝም። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም አይነገርም። ሰውየው እስኪጠና ይጠበቃል። ከዚያ ሽማግሎች ተጠራርተው በማለዳ ይመጣሉ። እስራኤል፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ከገባን ብዙ ዘመን ቢሆነንም ይህን ልማድ አልተውነውም። ስለዚህ ጋሽ ሐጎስ ተቀብረው ሳለ ለእኔ ለሳምንታት በሕይወት ነበሩ። በእነዚያ ሳምንታት ምክር ጠየቅኋቸው። መልስም መጣልኝ።

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስደነቅ አይደለም። ምስጋናዬን በደንብ ስላላደረስሁ ነው።

ጋሽ ሐጎስ የትግራይ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ገብተው፣ እዚህ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ባንክ የአክሲዮን ክፍል ሠርተዋል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጄ ከኦሪት ጋር በዕብራይስጥ ያወራሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ በትግርኛ። ረጅም ነበሩ፣ ቀጭን፣ በሙቀትም ቆባቸውን አያወልቁም። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚስታቸውን ቀለበት በትንሿ ጣታቸው ያደርጉ ነበር። ማለዳ ደረጃውን ሲወርዱ ያ ቀለበት የመደገፊያውን ብረት ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ይወርዳል። ከእኔ በር ፊት ሲደርስ ትንሽ ያርፋል። ከዚያ ይቀጥላል። «ጋሼ ወጡ» እላለሁ፤ ተነሥቼ እጸልያለሁ። አሚሻቭ ሰፈር ባለው ቤታችን ሰዓት አያስፈልገኝም ነበር።

እኔ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ኤም ሃሞሻቮት የሚባል ሰፈር እየሄድሁ አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ ቤታቸውንም እጠርጋለሁ። ከደሞዜ የምትተርፈውን ለኦሪት ትምህርት ብዬ አስቀምጥ ነበር። ኦሪት ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቀን ጋሽ ሐጎስ ደረጃ ላይ አገኙኝ።

«ዝናሽ፣ ገንዘብሽ የት ያድራል?»

«ባንክ ነዋ ጋሼ።»

«ተኝቶ ነው ቆሞ?»

«እኔ እንጃ። ቀስቅሼ አልጠየቅሁትም።»

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ስለ አክሲዮን የማውቀው ከወንድሜ ከፈረደ ነበር። ፈረደ አክሲዮንን በዕብራይስጥ «መናዮት፣ መናዮት» እያለ ስልኩን ሲያሻሽ ይውላል። ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት ይሸጣል፤ ከዚያ ራሱን ያመዋል። ጋሽ ሐጎስ እንዲህ አልነበሩም። የአንድን ፋብሪካ ሂሳብ ለወራት ያነባሉ። ዕዳ አለበት ወይ? መሬቱ የራሱ ነው ወይ? ቢሸጥ ምን ያወጣል? ዋጋው ከዚያ በታች ካልሆነ አይነኩትም። አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ ሄደው ያያሉ።

ጎረቤት ከተማ ሮሽ ሃዓይን የወሰዱኝ በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ወርደን አንድ ፋብሪካ ማዶ፣ ዛፍ ሥር ቆምን። የመስኖ ቧንቧ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በሩ ላይ፣ ከጥላው ሥር፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሲገባ አንድ በአንድ በስሙ እየጠሩ ሰላም ይላሉ። የአንዱን ልጅ ጤና ጠየቁ፤ ሌላውን አረፈድህ ብለው ሰደቡት። እሱም እየሳቀ ገባ።

«ፋብሪካውን ያቋቋሙት እኚህ ናቸው» አሉኝ ጋሽ ሐጎስ። «ተበድረው አያውቁም። ልጆቻቸው ተበድረን እናስፋው እያሉ ይነዘንዟቸዋል። እዚያ ወንበር ላይ እስካሉ ድረስ ግን አይሆንም። አሁን ንገሪኝ፤ ለምን ትገዢያለሽ?»

«እርስዎ ስላሉኝ ነዋ።»

«እሱ ምክንያት አይደለም። እኔ ነገ ልሞት እችላለሁ።»

«ኧረ ይተዉ ጋሼ!»

«ለምን ትገዢያለሽ?»

አሰብሁ። «ሽማግሌው በሩ ላይ ስላሉ» አልሁ። «ስለማይበደሩ። ዋጋውም ከሚያወጣው በታች ስለሆነ።»

«ጮክ በይ።»

መንገድ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ጋሽ ሐጎስ ቆባቸውን ነካ አደረጉ።

«እኔ ምስክር ነኝ። መግዛትማ ማንም ይገዛል ልጄ። ሰው የሚጠፋው ሲሸጥ ነው። ለምን እንደ ገዛ ስለሚረሳ።»

ለኦሪት ያስቀመጥሁትን ገንዘብ የዚያን ፋብሪካ አክሲዮን ገዛሁበት። ስለ ወንበሩ ለፈረደ አልነገርሁትም፤ ይስቅብኝ ነበር። ለኦሪትም አልነገርኋትም። እኔና ጋሽ ሐጎስ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

እሳቸው ስለ መሸጥ ሲያወሩ ሁልጊዜ ነገሩን በመርዶ ይመስሉት ነበር። «ሞቱ ሳይረጋገጥ አይለቀስም፤ ከተረጋገጠ አይታደርበትም» ይላሉ። «ከሸጥሽ በኋላ ዋጋውን አትጠይቂ። የተቀበረ አይቆፈርም» ይላሉ። ዋጋው ከሚገባው በላይ ሲወጣ እንስራ ይጠቅሳሉ፤ «ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ የምትጨምሪው ለመሬት ነው።» የተሻለ ነገር ካገኘሁስ ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። «ሽጪና ወደዚያ ሂጂ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ የምንለው አዲስ ስለሆነ ብቻ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ የአክሲዮኔ ዋጋ በጣም ወረደ። ፈረደ ደወለልኝ።

«እቴ፣ ሽጪ! ሁሉም እየሸጠ ነው። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እየሮጥሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሐጎስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«ሰውየው ሞቱ?» አሉኝ።

«አልሞቱም።»

«ተበደሩ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ማን ሞተብሽ?»

«ዋጋው ወረደ እኮ ጋሼ!»

«ዋጋ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሞት አይደለም። በባዶ እግርሽ ነው የመጣሽው። ሂጂና ጫማሽን አድርጊ።»

አልሸጥሁም። ከወራት በኋላ ዋጋው ተመለሰ። ጋሽ ሐጎስ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም፤ ጫማዬን ግን ባገኙኝ ቁጥር ያዩት ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰው ራሳቸው የተሳሳቱበት ነገር ነበር። ሚስታቸው የሠሩበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ አክሲዮን ነበራቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ፋብሪካው መዳከም ጀመረ። ሂሳቡን ያነባሉ፤ እንደሚሞት ያውቃሉ፤ አይሸጡም። በመጨረሻ ተዘጋ።

«መርዶውን ለራሴ ደበቅሁት» አሉኝ። «ሬሳ ታቅፌ ስንት ዘመን ተቀመጥሁ።»

ይህን ሲነግሩኝ ከፊታቸው ባዶ ወንበር ነበር። ወደ ወንበሩ ዞረው በትግርኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ለሰው እንደሚናገሩት፣ ቀስ ብለው። ከዚያ መልስ እንደሚሰሙ ዝም አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። 

ለቀዶ ጥገናው ልገባ ስል ሊሰናበቱኝ ወረዱ። ፈርቼ ነበር። እግዚአብሔር እንደሚጠብቀኝ ባውቅም ሥጋ ይፈራል።

«ጋሼ፣ ያንን አክሲዮን ለኦሪት አደራ» አልኋቸው። «ትምህርቷ በእሱ ነው። እሱ ከጠፋ ልጄ እንደ እኔ የሰው ቤት ስትጠርግ ልትኖር ነው።»

«አንቺ ትነሺያለሽ» አሉ። «እስክትነሺ ወንበሩን እኔ አይልሻለሁ።»

ቀለበታቸው ብረቱን እየነካ ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነቃሁ። ኦሪት ወደ ቤት ስታመጣኝ የሕንፃው መግቢያ መስታወት ላይ የተቀደደ ወረቀት ቁራጭ ተለጥፎ አየሁ። ጥቁር ጠርዝ ነበረው። ኦሪት ከፊቱ ቆማ «ቀስ ኢማ፣ ደረጃውን እዪ» አለችኝ። ሞት ሲኖር እንዲህ ያለ ወረቀት በር ላይ እንደሚለጠፍ አውቃለሁ። ደክሞኝ ስለነበር የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

«ጋሼ ለምን አልመጡም?» አልኋት በማግስቱ።

«ጉንፋን ይዟቸዋል። እንዳያስተላልፉብሽ ነው።»

ከጣሪያው በላይ ወንበር ሲጎተት እሰማ ነበር። ዕቃ ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ። «ቤት እያስተካከሉ ነው» አለች ኦሪት። ከቀናት በኋላ ያም ድምፅ ቆመ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከላይ እየወረደ። በሬ ላይ ሲደርስ ዐረፈ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ከዚያ ቀጠለ።

«ተመስገን» አልሁ። «ጋሼ ተሻላቸው፤ ወጡ።»

ኦሪት ውኃ ይዛልኝ ቆማ ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«ንፋስ ነው ኢማ።»

«ንፋስ ቀለበት አያደርግም» ብዬ ሣቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ክፍል መተኛት ጀመረች። እኔ ስለ ልቤ የተጨነቀች መስሎኝ ነበር።

ድምፁ በየማለዳው መጣ።

በዚህ መካከል ፈረደ በደስታ ገባ። አክሲዮኔ ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል።

«በጋዜጣ ላይ አለ! ፋብሪካው ሊስፋፋ ነው። እንዳትሸጪ እቴ። ገና እጥፍ ይሆናል።»

«የኦሪት ትምህርት ቤት ምዝገባው ደርሷል እኮ።»

«ከሌላ ተበደሪ! እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ሞኝ አትሁኚ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊስፋፋ ነው የሚለውን ቃል ሰምቼ እነቃ ነበር። ያኔ ግን ጭንቅላቴ በመድኃኒት ደንዝዟል። ብሸጥና ቢወጣ የልጄን ዕድል ራሴ ቀነስሁት ማለት ነው። ባልሸጥና ቢወድቅ ትምህርቷ ቀረ። የምጠይቀው ሰው ከጣሪያዬ በላይ ነበር።

«ኦሪት፣ ውጪና ጋሼን ጠይቂልኝ። ልሽጥ ወይስ ልቆይ በያቸው።»

ኦሪት ፈረደን አየችው። ፈረደ መሬት መሬት አየ። ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አሉ?»

«‹ወንበሩን አይተሽ ወስኚ› ብለዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ያላ ኢማ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ።»

ልቤ ዐረፈ። «እሳቸው ናቸው» አልሁ። ፈረደ ወደ ኦሪት ዞሮ «የምን ወንበር ነው?» አላት። እሷ ውኃውን አቀበለችኝ። መራመድ ስጀምር ሄጄ አያለሁ ብዬ ተኛሁ።

የመከር በዓላችን ሻቩዖት ሊገባ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ ቤቴ ሰው ገባ። የቤተ እስራኤል ቄሳችን ነበሩ፣ ፈረደ፣ ሁለት የጎረቤት ሽማግሎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳያቸው ገባኝ። ማን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

«ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ ቄሱ።

«በልቻለሁ።»

«መድኃኒትሽንስ?»

«ውጫለሁ። አባ፣ ይንገሩኝ።»

«ጋሽ ሐጎስ ዐርፈዋል ልጄ።»

«ዛሬ ማለዳ ሲወርዱ ሰምቻቸዋለሁ» አልሁ።

 ቄሱ እጄን ያዙኝ።

«የተቀበሩት አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ ነው። ልብሽ እስኪጠና ብለን ነው የቆየነው።»

አለቀስሁ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ፤ ልቅሶው ካለፈባቸው ከሳምንታት በኋላ። ጸጥ ስል ያ ነገር ትዝ አለኝ። ኦሪት ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«ስለ ወንበሩ ማን ነገረሽ?»

በዕብራይስጥ ጀመረች፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ማንም አልነገረኝም። ‹ቆዪ ብለዋል› ልልሽ ነበር፤ አጎቴ እንደዚያ በያት ብሎኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደምዋሽሽ አስብ ነበር። ከዚያ ብረቱ...» ወደ በሩ አየች። «ከዚያ ተነሥቼ ገባሁ፤ አፌ ያንን አለ። የምን ወንበር እንደሆነ አላውቅም ኢማ። እስካሁንም አላውቅም።»

«ብረቱ ምን?»

ራሷን ነቀነቀች። ፈረደ አፉን በነጠላው ሸፈነ።

«ተዪያት» አሉ ቄሱ። «ስለሚገባሽ ነገር ጠይቂ። ስለማይገባሽ አመስግኚ።»

በማግስቱ ማለዳ ነቅቼ ጠበቅሁ። ደረጃው ዝም አለ። ኦሪትን ቀስቅሼ በአውቶቡስ ሮሽ ሃዓይን ሄድን። ቀስ እያልሁ ነበር የምራመደው፤ ክንዴን ይዛኛለች። ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

ነጩ ወንበር ከጥላው ሥር ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም። ሠራተኛው ቀና ሳይል እያለፈው ይገባል።

በሩን የምትጠብቀውን ሴት ጠየቅኋት። «ሽማግሌው የት አሉ?»

«ከፋሲካ ወዲህ አይመጡም። ታመው ቤት ዋሉ። አሁን ልጆቻቸው ናቸው የያዙት። ብዙ ብድር ወስደው ከኋላ አዲስ ሕንፃ እየሠሩ ነው።»

«ወንበሩን ለምን ተዋችሁት?»

«አንሡት ያለን የለም።» ትንሽ አመነታች። «በየማለዳው ስመጣ ወደ መንገዱ ዞሮ አገኘዋለሁ። ማታ ወደ ግድግዳው አዙሬው ነው የምሄደው። ንፋስ ይሆናል።» ኦሪትን ከዚያም እኔን አየች። «እናንተ የዚያ ሰውዬ ዘመዶች ናችሁ? ቀጭን፣ ቆብ የሚያደርግ። ማዶ ዛፉ ሥር ቆሞ ወንበሩን ያያል። ትናንትናም ነበረ። ብጠራው አይመልስም።»

የኦሪት ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ። እኔ ለሴትየዋ ምንም አልነገርኋትም። መርዶ በር ላይ አይነገርም።

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኋት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፈቀቅ ብለን ኦሪት ባንክ ደወለችልኝ። የባንኩ ሰው ትሑት ነበር።

«ሁሉንም ነው የምትሸጪው? ዋጋው እየወጣ ነው እኮ። እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁሉንም።»

«ምክንያቱን ብጠይቅ?»

ልጄን አየኋት። ምስክር ነበረችኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሽማግሌው በሩ ላይ የሉም። ተበድረዋል። የገዛሁበት ምክንያት ሞቷል፤ መርዶውን ሰምቻለሁ።»



«በሰደር፣ እሺ» አለ የባንኩ ሰው። «ተሸጠ።»

ከመንገዱ ዳር ጠጠር አነሣሁ። እዚህ አገር መቃብር የሚጎበኝ ሰው ጠጠር ያኖራል፤ የጋሽ ሐጎስ መቃብር ግን ገና አልሄድሁም ነበር። ጠጠሩን ወንበሩ ላይ አኖርሁት፤ ሴትየዋ አየችኝ፣ አልከለከለችኝም። ከዚያ ወደ ማዶ ዞርሁ። ከዛፉ ሥር ማንም አልነበረም።

«አይቻለሁ ጋሼ» አልሁ። «አሁን ይረፉ።»